ክሬዲት እንደገና ሲገነባ የቱን ካርድ ልያዝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ክሬዲታቸው ወድቆ ካርድ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምሬ ደርድሬዋለሁ።

ስኮሬ ስንት ሲሆን ነው ተበላሸ የሚባለው?

አብዛኛው አበዳሪ የሚያየው የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ነው የሚሄደው። ከ580 በታች ደካማ ይባላል፣ ከ580 እስከ 669 መካከለኛ፣ ከ670 ጀምሮ ጥሩ፣ 740ን ካለፋችሁ ደሞ ብዙም የሚከለክላችሁ የለም። ስልካችሁ ላይ በነፃ የምታዩት ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ፋይኮ ሳይሆን ቫንቴጅስኮር ነው፣ የሰዉን የብድር ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ ቢሮዎች ማለትም ኤክስፔሪያን፣ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን በ2006 ያወጡት ሌላ ስሌት ነው፣ ስለዚህ እዛ ላይ 640 አይታችሁ ባንኩ 605 ቢላችሁ ማንም አልዋሸም።

ቁጥሩን ከማሳደዳችሁ በፊት ግን ሪፖርቱን አውጥታችሁ አንብቡት። አንዩአል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ከሦስቱም ቢሮ በየሳምንቱ በነፃ ይወጣል (ስኮሩ እዛ ላይ የለም፣ ታሪኩ ነው ያለው)። የናንተ ያልሆነ አካውንት ወይ ተከፍሎ ያልተስተካከለ ነገር ካገኛችሁ ዲስፒውት አድርጉ (ስህተት ነው ብላችሁ ለቢሮው አመልክቱ)፣ ቢሮው ባብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። አንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው አዲስ ካርድ ሳይሆን አንድ ስህተት ማስነሳት ነው፣ ሳያየው ለካርድ ዲፖዚት (መያዣ ብር) ለማስያዝ ይሮጣል።

ካርድ አይደል እንዴ ያበላሸኝ? ምንም ባልይዝስ?

ይገባኛል፣ ብዙ ሰው ካርዶቹን ቆራርጦ ጥሎ ሁለት ሦስት ዓመት በካሽ ብቻ ኖሮ ስኮሩ ለምን እንዳልተነሳ ግራ ይገባዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፋይኮ ውስጥ 35 ፐርሰንቱ የአከፋፈል ታሪክ ነው፣ 30 ፐርሰንቱ ደሞ ያለባችሁ ዕዳ፣ የቀረው የታሪኩ ርዝመት፣ አዲስ የከፈታችሁትና የብድሩ ዓይነት ነው። በዘገየ የከፈላችሁት ነገር ለ7 ዓመት ይቀመጣል፣ ከጎኑ አዲስ ጥሩ ነገር ካልተጻፈ ሪፖርቱን የከፈተ ሰው የሚያነበው ያንኑ አሮጌ ጥፋት ብቻ ነው። ጭራሽ የሚንቀሳቀስ አካውንት ከሌላችሁ ደሞ ስኮር ራሱ ላይወጣ ይችላል፣ ፋይኮ ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ አካውንትና ባለፉት 6 ወራት ሪፖርት የተደረገ ነገር ይፈልጋል።

ካርድ ያለ ምንም ወለድ በየወሩ "ከፈለ፣ ከፈለ፣ ከፈለ" ያስጽፍላችኋል። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይሄን ነው፣ በዚህ ሰዓት ካርዱን መግዣ አታድርጉት፣ ማስመዝገቢያ ነው። ካርድ እጃችሁ ሲገባ አሁንም እጃችሁ የማይሰበሰብ ከሆነ ግን እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቆዩ፣ ስኮሩ የትም አይሄድም።

ዴቢት ካርድ ወይም ፕሪፔይድ ብጠቀም አይቆጠርልኝም?

አይቆጠርም። የራሳችሁን ብር ነው የምታወጡት፣ ማንም አላበደራችሁም፣ ስለዚህ ለቢሮዎቹ የሚነገር ነገር የለም። ሴኪዩርድ ካርድና ፕሪፔይድን አንድ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፣ አይገናኙም።

ሴኪዩርድ ካርድ ምንድነው? ዲፖዚቱ ቢሌን ይከፍላል?

ብር ታስይዛላችሁ፣ ባንኩ ባስያዛችሁት ልክ ሊሚት (ልትጠቀሙ የምትችሉት ጣሪያ) ይሰጣችኋል፣ 200 ዶላር ካስያዛችሁ 200 ዶላር ሊሚት። ከዛ እንደማንኛውም ክሬዲት ካርድ ነው የሚሠራው፣ ስቴትመንት (የወሩ የሒሳብ መግለጫ) ይመጣል፣ መክፈያ ቀን አለው፣ ወለድ አለው፣ ሪፖርት ላይም ያው ክሬዲት ካርድ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ዲፖዚቱ ቢል አይከፍልም! ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል ምክንያቱም "ብሬ እነሱ ጋ ስላለ ከሱ ይቀንሱ" ብለው ሳይከፍሉ የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ባንኩ ዲፖዚቱን የሚነካው እናንተ ጨርሳችሁ ስታቆሙ ነው፣ እስከዛ ደሞ ዘገየ የሚለው በየወሩ ሪፖርት ላይ ተጽፎላችኋል፣ ልታስተካክሉ የገባችሁበት ነገር ባሰበት ማለት ነው።

እሺ የቱን ልምረጥ?

መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ለሦስቱም ቢሮ ሪፖርት ያደርጋል ወይ? ለአንድ ቢሮ ብቻ የሚናገር ካርድ ይዛችሁ ዓመት ሙሉ በሥርዓት ከከፈላችሁ በኋላ የመኪና አበዳሪው ሌላኛውን ቢሮ ቢያይ ልፋታችሁን አያየውም። ቀጥሎ ዓመታዊ ክፍያ አለው ወይ፣ ዜሮ የሆነ ካርድ እያለ ለምን ትከፍላላችሁ። ሦስተኛው ሰው የሚረሳው ነው፣ ከጊዜ በኋላ ወደ መደበኛ ካርድ ያድጋል ወይ? ካርዱ ካላደገ አንድ ቀን ዲፖዚታችሁን ለማስመለስ ልትዘጉት ነው፣ ካደገ ግን አካውንቱ ያው አንዱ ሆኖ ዕድሜው ይቀጥላል። ካሽባክ፣ የካርዱ ቀለም፣ ምናምን፣ እነሱ የመጨረሻ ናቸው።

በስም ካላችሁኝ ብዙ ሰው የሚጀምረው በሁለት ነው። የዲስከቨር ሴኪዩርድ ካርድ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ዲፖዚቱ ከ200 ዶላር ይጀምራል፣ ትንሽ ካሽባክም አለው፣ ከ7ኛው ወር ጀምሮ አካውንታችሁን እያየ ዲፖዚቱን መልሶ ወደ መደበኛ ሊያሳድገው ይችላል። የካፒታል ዋን ፕላቲነም ሴኪዩርድም ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ዲፖዚቱ እንደ ሰዉ ሁኔታ 49፣ 99 ወይ 200 ዶላር ሆኖ ሊሚቱ ከ200 ይጀምራል፣ ማለትም 49 አስይዛችሁ 200 ልታገኙ ትችላላችሁ። ካፒታል ዋን በ2025 ዲስከቨርን ስለገዛው ውሎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ፣ አፕላይ ከማድረጋችሁ በፊት የዛን ቀን ያለውን አንብቡ። ሁለቱም እምቢ ካሏችሁ እንደ ኦፕንስካይ ዓይነት ክሬዲት ጭራሽ ሳያዩ የሚሰጡ አሉ፣ ክፍያ ሊኖራቸው ስለሚችል እኔ ሦስተኛ ነው የማስቀምጣቸው። አባል የሆናችሁበት ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋም) ካለ ደሞ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ሴኪዩርድ ካርድ አላቸው ግን ማስታወቂያ ስለማይለቁ ማንም አያውቀውም።

"አፕሩቭ ተደርገዋል፣ ዲፖዚት አያስፈልግም" የሚል ደብዳቤ በፖስታ ይመጣልኛል፣ ልውሰደው?

ክፍያዎቹን የያዘውን ሰንጠረዥ ሳታዩ አትንኩት። ስኮራቸው ለወደቀ ሰዎች ተብለው የሚሠሩ ዲፖዚት የሌላቸው ካርዶች አሉ፣ ዓመታዊ ክፍያ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ ሊሚት ሲጨመር ክፍያ፣ አንዳንዱ ካርዱ ሳይከፈት የሚከፈል ክፍያም አለው። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚጠየቀው ክፍያ ከሊሚቱ 25 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ይላል፣ ጥሩ ሕግ ነው ግን አካውንቱ ሳይከፈት የሚወሰደውን አይቆጥርም፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም አይሠራም።

ሒሳቡን እንየው። 300 ዶላር ሊሚት ተሰጣችሁ፣ 75 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ ገና ካርዱ ሳይደርሳችሁ ተጭኗል፣ የቀራችሁ 225 ነው፣ አንድ ዳቦ ሳትገዙበት የሊሚቱን ሩብ ተጠቅማችኋል። እኔ ራሴ ስኮሬ 520 ምናምን በነበረበት ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ይዤ ነበር፣ ዲፖዚት 200 ዶላር ማስያዝ ከብዶኝ "ነፃ" የመሰለኝን መርጬ ማለት ነው፣ ዓመት ሳይሞላ በክፍያ የበሉኝ ዲፖዚቱን ሊያክል ምንም አልቀረውም። ዲፖዚት ቢሆን ይመለስልኝ ነበር። 200 ዶላር ባንዴ ከሌላችሁ ለሦስት ወር 70፣ 70 አጠራቅሙና ሴኪዩርዱን ውሰዱ፣ አትቸኩሉ።

ወለዱ 28፣ 29 ፐርሰንት ይላል፣ አያስፈራም?

ስቴትመንቱ ላይ የወጣውን በሙሉ በቀኑ ከከፈላችሁ ወለዱ 29 ሆነ 99 አይነካችሁም። ስቴትመንት ከወጣ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣችኋል፣ በዛ ውስጥ ሙሉውን ስትጨርሱ በግዢ ላይ ወለድ የለም። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ካርድ ወለዱን የመጨረሻ መስፈርት አድርጉት። አንዳንድ ወር ባላንስ (ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ) ሊያድርባችሁ ይችላል ብላችሁ ከሠጋችሁ ግን የፌደራል ክሬዲት ዩኒየን ፈልጉ፣ እዛ ባብዛኛው ብድር ላይ ወለዱ ከ18 ፐርሰንት እንዳያልፍ ጣሪያ አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በክሬዲት ካርድ ኤቲኤም ላይ ካሽ አታውጡ። ካሽ አድቫንስ ይባላል፣ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱም የሚቆጥረው ከዛችው ቀን ጀምሮ ነው፣ ያ 21 ቀን ለሱ አይሠራም።

ስኮር እንዲያድግ ትንሽ ባላንስ ማሳደር አለብኝ ይባላል፣ እውነት ነው?

ውሸት ነው፣ ከየት እንደመጣ አላውቅም ግን የማይነግረኝ ሰው የለም። ወለድ መክፈላችሁ ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ሰዎች የሚያምታቱት ስቴትመንት ላይ ትንሽ ባላንስ "መታየት" እና መክፈያው ቀን አልፎ ባላንስ "ማሳደር"ን ነው። የመጀመሪያው ምንም አይጎዳም፣ ሁለተኛው ብር ማቃጠል ነው።

ሊሚቴ 200 ዶላር ብቻ ነው፣ ስንት ልጠቀም?

እዚህ ጋ ነው ጥሩ የሚከፍሉ ሰዎች ራሱ የሚሳሳቱት። ባንኩ ለቢሮዎቹ የሚልከው ባብዛኛው ስቴትመንቱ በሚዘጋበት ቀን ያለውን ባላንስ ነው፣ መክፈያው ቀን የሚመጣው ከዛ 3 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። አስቤዛ 150 ዶላር ገዛችሁ፣ ስቴትመንቱ ወጣ፣ በቀኑ ሙሉውን ከፈላችሁ፣ ወለድ ዜሮ፣ ጎበዝ። ሪፖርት ላይ የተጻፈው ግን 150 ከ200 ነው፣ 75 ፐርሰንት፣ ለሚያየው ሰው ካርዱን አሟጥጦ የሚኖር ሰው ትመስላላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ የስቴትመንት መዝጊያ ቀኑን እወቁ (አፑ ላይ አለ፣ ከመክፈያው ቀን የተለየ ነው)፣ ከሱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ አብዛኛውን ክፈሉና 10 ወይ 15 ዶላር ብቻ ይታይ። ከ30 ፐርሰንት በታች የሚለውን ሁሉም ይለዋል፣ ከ10 በታች ሲሆን ግን የበለጠ ጥሩ ነው። ትንሽ ሊሚት ላላቸው ሰዎች እኔ የምመክረው አንድ ትንሽ ወርሃዊ ነገር፣ ለምሳሌ የሙዚቃ ወይ የፊልም ክፍያ፣ ካርዱ ላይ አስሮ ፕላስቲኩን ቤት ማስቀመጥ ነው።

አንድ ወር ብታሳልፉት ደሞ አትጨናነቁ። አብዛኛው የፋይኮ ስሌት ይሄን ነገር ትዝታ የለውም፣ የዚህ ወር 75 ፐርሰንት በሚቀጥለው ወር 5 ሲሆን ስኮሩ ይመለሳል። ዋናው ነገር ለቤት ወይ ለመኪና ልታመለክቱ ባላችሁበት ወር ዝቅ ብሎ መታየቱ ነው።

መክፈያው ቀን በአንድ ቀን ቢያልፈኝ አለቀልኝ?

አላለቀም። የዘገየ ክፍያ ሪፖርት ላይ የሚወጣው 30 ቀን ሲሞላው ነው። ቅጣት ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ፣ ወለድም ሊጀምር ይችላል፣ ግን በአምስተኛው ቀን ከፍላችሁ ከተገኛችሁ ስኮራችሁ አይነካም። ደውላችሁ ብትጠይቁ የመጀመሪያውን ቅጣት የሚያነሱላችሁም አሉ፣ በትህትና ነው ታዲያ።

አውቶፔይ አድርጉት፣ ሚኒመሙን (ዝቅተኛውን ክፍያ) ሳይሆን የስቴትመንቱን ሙሉ ባላንስ። ከዛ ግን ረስታችሁ ቼኪንጉ ውስጥ ብር ከሌለ ክፍያው ይመለሳል፣ ከፈልኩ ብላችሁ ተኝታችሁ 30 ቀን ያልፋል፣ ስለዚህ በየወሩ ገባ ብሎ ማየት አይቀርም።

አፕላይ ባደረግኩ ቁጥር ስኮሬ ይወርዳል?

ትክክለኛ ማመልከቻ ስታስገቡ ባንኩ ሪፖርታችሁን ይከፍታል፣ ይሄ ሃርድ ኢንኳየሪ ይባላል፣ ሪፖርት ላይ 2 ዓመት ይቀመጣል፣ ፋይኮ የሚቆጥረው ግን 12 ወሩን ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነጥብ ነው የሚወስደው። ችግሩ በአንድ ማታ ተናዳችሁ ስድስት ቦታ ስታመለክቱ ነው። መጀመሪያ ድረገጻቸው ላይ ፕሪኳሊፊኬሽን (ሳታመለክቱ ካርዱን የማግኘት ዕድላችሁን ማየት) የሚለውን ሞክሩ፣ እሱ ሶፍት ነው፣ ስኮር አይነካም፣ እርግጠኛ ተስፋ ባይሆንም በጨለማ ከመተኮስ ይሻላል።

ሌላው፣ ክሬዲታችሁን ፍሪዝ አድርጋችሁ (ማንም አዲስ አበዳሪ ሪፖርቱን እንዳይከፍት ቆልፋችሁ) ከነበረ አንሱት። ከ2018 ጀምሮ ፍሪዝ ማድረግ ነፃ ስለሆነ ብዙ ሰው አድርጎ ረስቶታል፣ ባንኩ ሪፖርቱን መክፈት ሲያቅተው ይመልሳችኋል፣ እናንተ ደሞ ስኮሬ ነው ብላችሁ ታዝናላችሁ። ኦንላይን ስትጠይቁ በ1 ሰዓት ውስጥ ሊያነሱላችሁ ይገባል።

ዲናይ አደረጉኝ፣ አሁንስ?

ደብዳቤውን አትጣሉ! ለምን እምቢ እንዳሉ ምክንያቱን መግለጽ ሕግ ያስገድዳቸዋል፣ በሪፖርታችሁ ምክንያት ከሆነም የትኛውን ቢሮ እንዳዩ ይጽፋሉ፣ ከዛ ቢሮ በ60 ቀን ውስጥ ሪፖርቱን በነፃ መጠየቅ መብታችሁ ነው። "ብዙ አዲስ አካውንት" ካለ መጠበቅ ነው፣ "የገቢ ማነስ" ካለ ሌላ ነገር ነው፣ "ማንነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም" ካለ ደሞ ምናልባት አድራሻ ቀይራችሁ አሮጌው ሪፖርት ላይ ቀርቶ ይሆናል፣ ስኮሩ ጋ ምንም አይገናኝም።

የሱቅ ካርድ በቀላሉ ይሰጣል ይባላል፣ በሱ ብጀምር?

ለአንዳንድ ሰው ሠርቷል፣ እኔ ግን አልወደውም። ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ የሚሠራው እዛው ሱቅ ብቻ ነው፣ ካርዱ ራሱ ግዛ ግዛ ይላል። "ለ12 ወር ወለድ የለም" የሚለው ውስጥም ወጥመድ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ በ12ኛው ወር 20 ዶላር እንኳን ከቀረ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቆጥሮ ይመጣባችኋል።

ወንድሜ ካርዱ ላይ ስሜን ቢያስገባኝ ይጠቅመኛል?

ኦቶራይዝድ ዩዘር ማለት ነው፣ አዎ ሊጠቅም ይችላል፣ ባንኩ ኦቶራይዝድ ዩዘርን ሪፖርት የሚያደርግ ከሆነ የሱ ካርድ ታሪክ እናንተ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ዕዳው በሕግ የሱ ነው። ግን እሱ ካርዱን ከሞላው ወይ ከዘገየ እሱም እናንተ ላይ ይታያል፣ ያኔ ስሜን አውጡልኝ ብላችሁ ባንኩ ጋ መደወል ትችላላችሁ። ፕላስቲኩ እጃችሁ ባይገባም ይሠራል፣ እንዲያውም ለቤተሰብ ሰላም ባይገባ ይሻላል።

ከማታውቁት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቦታ በብር መግዛት ግን ተዉት፣ የግል መረጃችሁን ለማን እንደምትሰጡ አታውቁም፣ አበዳሪዎችም ነቅተውበታል።

ገቢ የሚለው ላይ ምን ልሙላ? ሶሻል ከሌለኝስ?

21 ዓመት ከሞላችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ገቢም፣ በተግባር የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ሊቆጠር ይችላል፣ ይሄን ብዙ ቤት የሚውሉ እናቶች አያውቁትም። ከ21 በታች ከሆናችሁ ግን የራሳችሁን ብቻ። ያልሆነ ቁጥር አትጻፉ፣ ለባንክ በውሸት መሙላት ወንጀል ነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ለሌለው ሰው አንዳንድ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች በአይቲን (ሶሻል ለሌለው ሰው የሚሰጥ የግብር ቁጥር) ይቀበላሉ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛ ካርድ መቼ ልጨምር? የመጀመሪያውንስ ልዝጋው?

የመጀመሪያው ካርድ ከ6 ወር እስከ ዓመት በንጹሕ ከሄደ በኋላ ፕሪኳሊፊኬሽን እያያችሁ አንድ ጨምሩ። ከዛ በላይ መደርደር ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ክፍያ የሌለውና ወደ መደበኛ ያደገ ከሆነ አትዝጉት፣ ዲፖዚቱ ይመለሳል፣ ካርዱ ይቀመጥ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ አንድ ነገር ግዙበት አለዚያ ባንኩ ራሱ ሊዘጋው ይችላል። በየዓመቱ የሚያስከፍልና የማያድግ ከሆነ ግን ሌላ ካርድ ከያዛችሁ በኋላ ዝጉት። "ታሪኬ ይጠፋል" ብለው የሚፈሩ አሉ፣ በጥሩ ሁኔታ የተዘጋ አካውንት እስከ 10 ዓመት ሪፖርት ላይ ይቆያል፣ ፋይኮም ዕድሜውን መቁጠሩን አያቆምም። ወዲያው የምታጡት ሊሚቱን ነው፣ ስለዚህ በሌላው ካርድ ላይ ባላንስ ባለበት ወር አትዝጉ።

ኮሌክሽን አለብኝ፣ መጀመሪያ እሱን ልክፈል ወይስ ዲፖዚት ላስይዝ?

ኮሌክሽን ማለት ሳይከፈል ቆይቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ ነው። ይሄ ከባድ ነው፣ እንደ ዕዳው ይለያያል። የሕክምና ከሆነ መጀመሪያ ሪፖርት ላይ መኖር አለበት ወይ የሚለውን እዩ። የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን በ2022 እንዲነሳ ተደርጓል፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነው ደሞ በ2023፣ ያልተከፈለውም ዓመት ሳይሞላው አይወጣም። ሌላ ዕዳ ከሆነ አዲሶቹ የፋይኮ ስሌቶች፣ 9 እና 10፣ የተከፈለ ኮሌክሽንን አይቆጥሩም፣ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ፋይኮ 8 ግን መነሻው ከ100 ዶላር በታች ካልሆነ በቀር ቢከፈልም ይቆጥረዋል። ስለዚህ መክፈላችሁ ስኮሩን ዛሬ ላያነሳው ይችላል፣ ክስ ግን ያስቀራል፣ ቤት ልትገዙ ስትሉም ይጠየቃል።

አሮጌ ዕዳ ላይ ስልክ አንስታችሁ "እሺ 20 ዶላር ልላክ" አትበሉ። ለመክሰስ የሚፈቀድላቸው ጊዜ በየስቴቱ የተለያየ ነው፣ በብዙ ስቴት ትንሽ ክፍያ ያንን ሰዓት ከዜሮ ሊያስጀምረው ይችላል። ሪፖርት ላይ የሚቆይበት 7 ዓመት ግን በክፍያ አይታደስም፣ እነዚህ ሁለት ሰዓቶች የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ዕዳው የናንተ ስለመሆኑ ማረጋገጫ በጽሑፍ ጠይቁ። ይሄ ሁሉ እየሄደ ትንሿን ዲፖዚት ጎን ለጎን ማስያዝ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

ብር ከፍዬ ክሬዲቴን የሚያጸዳልኝ ሰው አለ?

እውነት የሆነን ጥፋት ጊዜው ሳይደርስ የማስነሳት መብት ያለው ማንም የለም፣ ስህተቱን ደሞ እናንተው በነፃ ታስነሳላችሁ። እነዚህ ድርጅቶች ሥራውን ሳይጨርሱ ቀድመው ብር እንዳይቀበሉ በ1996 የወጣ የፌደራል ሕግ ይከለክላል፣ ውል ከፈረማችሁም በ3 የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። "በሶሻልህ ፋንታ የምትጠቀምበት አዲስ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር እንሰጥሃለን" የሚላችሁን ደሞ ሽሹት፣ ሲፒኤን ይሉታል፣ አንዳንዱ የሕፃን ልጅ ሶሻል ሆኖ ይገኛል፣ ማመልከቻ ላይ የሞላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ የምትጠየቁትም እናንተው ናችሁ።

ባንክረፕሲ (መክፈል አልቻልኩም ብሎ በፍርድ ቤት ማመልከት) ገብቻለሁ፣ ካርድ ማን ይሰጠኛል?

ከምታስቡት በላይ ይቻላል። ቻፕተር 7 (ዕዳው የሚሠረዝበት) ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት፣ ቻፕተር 13 (በዕቅድ እየተከፈለ የሚሄደው) ባብዛኛው 7 ዓመት ሪፖርት ላይ ይቆያል፣ ግን ቻፕተር 7 ተጠናቆ ዲስቻርጅ (ዕዳው ተሠረዘ የሚለው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ) ከወጣ በኋላ ሴኪዩርድ ካርድ የሚሰጡ አሉ። ፋይሉ ገና ክፍት እያለ ብዙዎቹ እምቢ ስለሚሉ ዲስቻርጁን ጠብቁ። ቻፕተር 13 ውስጥ እየከፈላችሁ ከሆነ ደሞ አዲስ ብድር ለመውሰድ ባብዛኛው የትረስቲው (ጉዳዩን የሚከታተለው ባለአደራ) ወይ የፍርድ ቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ዝም ብላችሁ አታመልክቱ፣ ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ምርጫው ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ባንክረፕሲው ውስጥ ያስገባችሁት ባንክ ሪፖርቱ ላይ ቢጠፋም የራሱ መዝገብ ላይ ሊያስታውሳችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ዕዳ ካልሠረዛችሁበት ባንክ ጀምሩ። ካርዱን ከማመልከታችሁ በፊት ደሞ ሪፖርታችሁን አውጡና የተሠረዙት አካውንቶች በሙሉ ባላንሳቸው ዜሮ ሆኖ "በባንክረፕሲ የተካተተ" ተብለው መጻፋቸውን እዩ፣ አንዱ እንኳን አሁንም ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ እሱን ዲስፒውት አድርጉ።